ነገርን ከሥሩ፦ በግቢያችን የቀጨጨው የጌጥ ዛፍ ምን ሆኖ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌ ላይ የተተከለ የጃካራንዳ ችግኝ ክረምቱን ለምልሞ ይከርማል። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያቆም ግን መልኩ ይለወጣል። የቅጠሉ ጠርዝ መድረቅ ይጀምራል፣ ጫፉ ያቀረቅራል፣ አዲስ ቅጠል ማውጣቱንም ይተዋል። ኅዳር ሲገባ ባለቤቱ ይጨነቅና ጠዋትም ማታም ውሃ ያጠጣዋል። ለውጥ ሲያጣ ማዳበሪያ ይጨምርለታል። እሱም ካልሆነ የተባይ መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። ጥር ላይ ዛፉ ወይ ደርቋል፣ ወይ አንድም ቀንበጥ ሳያወጣ ፈዝዞ ቆሟል።

እዚህ ላይ የድካም እጥረት የለም። የጎደለው ቅደም ተከተል ነው። ዓይናችን ቶሎ የሚያየው ቅጠሉን ስለሆነ ሕክምናውንም ከቅጠሉ እንጀምራለን። የወጣት ዛፍ ችግር ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከግንዱ አንገት ወደ ታች ባለው ክፍል ነው፤ ቅጠሉ ወሬውን የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአበው ምክር ለዛፍ ቃል በቃል ይሠራል። ከሥር ወደ ላይ እየተመለከትን ከሄድን አብዛኛውን ችግር ያለ ባለሙያና ያለ መድኃኒት፣ በእጃችንና በአንዲት መኮትኮቻ እናገኘዋለን።

ዛፍ ምን በልቶ ያድጋል?

ምርመራው እንዲገባን አስቀድመን የዛፉን አኗኗር እንወቅ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብራስልስ አካባቢ ይኖር የነበረ ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለ ሐኪም አንዲት የአኻያ ችግኝ 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር በያዘ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ተከለ። አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ ሲያጠጣት ቆይቶ ነቅሎ መዘናት። ስትተከል 5 ፓውንድ የነበረችው ችግኝ 169 ፓውንድ ሆናለች። አፈሩን አድርቆ ቢመዝነው የጎደለው ሁለት አውንስ ገደማ ብቻ ነበር። በ1648 እ.ኤ.አ. ለኅትመት የበቃው ይህ ሙከራ ዛፍ አካሉን የሚገነባው አፈር በልቶ እንዳልሆነ አሳየ። ቫን ሄልሞንት ሁሉም ነገር ከውሃ የመጣ መሰለው፤ የአየሩን ድርሻ ያወቁት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ቅጠል ከአየር የሚስበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሥር ከሚላክለት ውሃ ጋር በፀሐይ ብርሃን ኃይል አዋሕዶ ስኳር ይሠራል። የዛፉ ምግብ ያ ስኳር ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ማዳበሪያ ምግብ አይደለም፤ ምግቡን የሚሠራው አካል በጥቂቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ሲሆን ስኳሩ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ልጥ በኩል ነው። መንገዶቹ የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ለጊዜው ሊሠራ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካሉት ክፍተቶች ኦክስጅን ይወስዳል። ክፍተቶቹ ለረጅም ጊዜ በውሃ ከተሞሉ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ ቢከበውም መምጠጥ አይችልም። ብዙ ውሃ የጠጣ ዛፍና ውሃ የጠማው ዛፍ አንድ ዓይነት ሆነው የሚጠወልጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ የብዙ ችግኝ ሞትም የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው።

በመጀመሪያ፣ በሕይወት አለ?

ቅጠል መርገፍ ብቻውን የሞት ምልክት አይደለም። ጃካራንዳ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ መቆየቱ ተፈጥሮው ነው፤ ኮርችም እንዲሁ። የግራቪሊያ አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው መርገፋቸውም አያስደነግጥም። ዝግባ ደግሞ በተፈጥሮው ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ከጎኑ ካለው ግራቪሊያ ጋር ማወዳደሩ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እውነቱን ለማወቅ ከአንዱ ቀንበጥ ጫፍ ይጀምሩና ቅርፊቱን በጥፍርዎ በስሱ ይጫሩ። ከሥሩ እርጥብና አረንጓዴ ነገር ከታየ ቀንበጡ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ትንሽ ወደ ታች ወርደው እንደገና ይጫሩ። አረንጓዴው የጀመረበት ቦታ ሕይወቱ እስከ የት እንዳለ ይነግርዎታል። ግንዱ ላይ እስከ መሬት ድረስ ምንም አረንጓዴ ከሌለ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። ግንዱ ታች አካባቢ አረንጓዴ ከሆነ ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ከታች እንደገና ያቆጠቁጣሉ። የፈረንጅ ጥድ ግን ቅጠሉ ረግፎ ከተራቆተው አሮጌ ቅርንጫፉ ላይ መልሶ ስለማያቆጠቁጥ በጊዜ ሊደረስለት ይገባል።

ሌላው መለኪያ የቀንበጡ ርዝመት ነው። የዘንድሮው ቀንበጥ ከአምናው ይልቅ ለስላሳና አረንጓዴ ስለሆነ ይለያል። ፈጣን አዳጊ የሆነ ወጣት ጃካራንዳ ወይም ግራቪሊያ አንድ ሙሉ የክረምት ዝናብ አግኝቶ የጨመረው ከስንዝር በታች ከሆነ ቅጠሉ አረንጓዴ ቢሆንም አንድ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

አንገቱን ይዩ

አሁን ተንበርክከው ግንዱ ከመሬት የሚወጣበትን ቦታ ይመልከቱ። ጤናማ ዛፍ መሬት ሲነካ ሰፋ ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሥሮች ወደ ጎን ሲዘረጉ ሊታዩ ይገባል። ግንዱ ምንም ሳይሰፋ ቀጥ ብሎ እንደ ተቸነከረ መሬት ውስጥ ከገባ በጣም ጠልቆ ተተክሏል፣ ወይም በኋላ አፈር ተቆልሎበታል።

ይህ ለምን ይጎዳል? የግንድ ቅርፊት የተሠራው አየር ላይ እንዲኖር ነው። እርጥብ አፈር ሲከበው ይለሰልሳል፣ ለሻጋታና ለመበስበስ በር ይከፍታል። ሥሮቹም አየር ከሚበዛበት ከላይኛው አፈር ርቀው ይቀራሉ። የዛፍ መጋቢ ሥሮች በአብዛኛው የሚገኙት በላይኛው 30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ አየርም ውሃም አለ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በጣትዎና በቀጭን እንጨት አፈሩን ከግንዱ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያንሱ፤ የመጀመሪያው ትልቅ ሥር ሲታይ ያቁሙ። ጉድጓድ ሆኖ ውሃ የሚያቁርበት ከሆነና ችግኙ ከተተከለ አንድ ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነው ክረምት ሲገባ ከነአፈሩ አንስቶ ከፍ አድርጎ መትከል ይሻላል።

አንገቱ ላይ ሳሉ የፕላስቲኩን ነገር ያጣሩ። ከችግኝ ጣቢያ የሚመጡ ችግኞች ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ያደጉ ናቸው። በዘመቻም ሆነ በችኮላ ሲተከሉ ፕላስቲኩ ሳይወልቅ አብሮ የሚቀበርበት ጊዜ አለ። የፕላስቲኩ ጫፍ መሬቱ ላይ ብቅ ብሎ ካዩ ምርመራው በግማሽ አልቋል። ፕላስቲኩ ቢወልቅ እንኳ ችግኙ ብዙ ወራት ውስጡ ከቆየ ሥሩ መሄጃ አጥቶ በዙሪያው ይጠመዘዛል። ዋናው ሥር ከታች ተቆልምሞ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ቀጫጭኖቹ ግድግዳውን ተከትለው ይዞራሉ። እንዲህ ሆኖ የተተከለ ችግኝ ክረምቱን ከራሱ የአፈር ጓል ውስጥ ባለው ውሃ ይኖራል። ዝናቡ ሲያቆም ከጓሉ ውጭ የዘረጋው ሥር ስለሌለው ግቢው እርጥብ ሆኖ እሱ ይጠማል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የተጠመዘዙት ሥሮች እየወፈሩ ሄደው የገዛ ግንዱን ያንቁታል። ከአፈር በላይ ግንዱን ተሻግሮ የሚዞር ሥር ካገኙ ገና ቀጭን ሳለ በስለት ቆርጠው ያውጡት።

ውሃው የት ደረሰ?

ብዙ ሰው ውሃ የሚያጠጣው ማታ ማታ በጆግ ወይም በጎማ ላይ ላዩን ነው። አፈሩ ጠቁሮ ሲታይ የጠገበ ይመስላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግንዱ ስንዝር ያህል ራቅ ብለው በመኮትኮቻ ይቆፍሩ። እርጥበቱ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ከዚያ በታች አፈሩ እንደ ደረቀ ያገኙታል። በየቀኑ ጥቂት ውሃ ሲጠጣ የኖረ ሥር ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት የለውም፤ እላይ ቀርቶ በመጀመሪያው ጠንካራ ፀሐይ ይጠበሳል።

ለማጣራት ቀጭን ፌሮ መሬቱ ላይ ይትከሉና በእጅዎ ይግፉት። እርጥብ አፈር ያስገባዋል፤ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የቆመበት ጥልቀት ውሃዎ የደረሰበት ነው። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ቆንጥረው በመዳፍዎ ይጨብጡት። ተጨብጦ ከተያያዘ እርጥበት አለው፤ ከተበተነ ደርቋል፤ ሲጨበጥ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ከመጠን በላይ ጠግቧል።

ለወጣት ዛፍ የሚበጀው ጠለቅ ያለ፣ ከዚያም እረፍት ያለው ውሃ ነው። አንድ የ20 ሊትር ጄሪካን ከታች በትንሹ በስቶ ከግንዱ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ውሃው ሳይፈስ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ያደርገዋል። ቦታ ከጠበበ ሁለት ሦስት የተበሱ ሃይላንዶች በዙሪያው መትከል ይቻላል። ቀይ አፈር ላይ በበጋ ሳምንት ሳይሞላ መደጋገም ያስፈልግ ይሆናል። ጥቁር አፈር ላይ ልዩነቱ ይረዝማል። ቀኑን የሚወስነው ሰሌዳ ሳይሆን ከላይ ያልነው የመዳፍ ምርመራ ነው። ይህ እንክብካቤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች መቀጠል አለበት።

ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነም ይጠይቁ። የልብስ እጣቢ፣ በተለይ በረኪና ያለበት፣ እንዲሁም ጨው የበዛበት የወጥ ቤት ውሃ በየቀኑ አንድ ችግኝ ሥር ሲደፋ ሥሩን ይመርዛል፤ የቅጠሉ ጠርዝም ተቃጥሎ ይታያል።

አፈሩ ይተነፍሳል?

አዲስ አበባ ውስጥ በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ሜዳ ብዙው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ክፍተቱ ይዘጋል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ቀይ አፈር በአብዛኛው ውሃ ያሳልፋል። አዳዲስ ግቢዎች ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ቤቱ ሲሠራ መሬቱ በመኪና ተደምድሟል፣ የሲሚንቶና የልስን ፍርስራሽ ተቀብሮ ከላይ ጥቂት አፈር ተነስንሶበታል።

የአፈሩን አተነፋፈስ ለማወቅ ከዛፉ ራቅ ብለው 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩና ውሃ ይሙሉት። ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉትና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በማስመሪያ ይለኩ። በሰዓት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ካልወረደ ውሃው ይቆማል ማለት ነው። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ውሃ ካገኙበት ያ ቦታ ለአብዛኛው የጌጥ ዛፍ እንደዚያው ሆኖ አይመችም።

ከዛፉ ሥር ትንሽ አፈር ቆፍረው ያሽትቱም። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ አየር የሌለበት አፈር ምልክት ነው። አንዲት ቀጭን ሥር ያውጡና በጣትዎ ይጎትቷት። ጤናማ ሥር ጠንካራ ነው፣ ሲሰበር ውስጡ ነጣ ይላል። የበሰበሰው ጠቁሮ ይልፈሰፈሳል፤ ሲጎተት የላይኛው ቆዳ ተሟልጮ በእጅ ይቀርና ውስጡ ያለው ክር ብቻ ይወጣል። ይህን ካዩ ውሃ ማጠጣቱን ወዲያው ያቁሙ፤ በዝናብ ወራት ከሆነ ደግሞ ውሃው የሚሸሽበት ቦይ ይቅደዱለት።

እዚህ ላይ በደግ ልብ የሚደረጉ ሁለት ጎጂ ነገሮች አሉ። አንዱ መረሬ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ በኮምፖስት ብቻ መሙላት ነው። ለስላሳው አፈር ውሃውን ይቀበላል፣ ዙሪያው ያለው መረሬ ግን አያሳልፍም፤ ጉድጓዱ እንደ ድስት ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሌላው ከታች ጠጠር ማልበስ ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ሙሉ በሙሉ ከጠገበ በኋላ ስለሆነ ጠጠሩ እርጥቡን ይበልጥ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። ለመረሬ የሚሻለው ከቆፈሩት አፈር ላይ ጥቂት ኮምፖስት ቀላቅሎ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሰፊ ጉብታ መሥራትና ችግኙን እዚያ ላይ መትከል ነው። ጉድጓዱም ችግኙ ከያዘው አፈር ሁለት ሦስት እጥፍ ይስፋ እንጂ ጥልቀቱ አይብለጥ።

ሽቦ፣ ሲባጎና ካስማ

አሁን ዓይናችንን ወደ ግንዱ እናንሳ። በብዙ ግቢ ውስጥ ዛፍ የልብስ ማስጫ ምሰሶ ነው። ሽቦው ሲታሰር ላላ ያለ ነበር፤ ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ ግን ሥጋው ውስጥ ይቀበራል። ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ከሽቦው በላይ ያለው ክፍል አብጦ ቀለበት ሠርቷል፣ ከታች ያለው ቀጥኖ ቀርቷል። ከቅጠል የመጣው ስኳር በልጡ በኩል ወርዶ ሽቦው ላይ ሲደርስ መንገድ ስላጣ እዚያው ቆሞ ነው ያበጠው። እንጨቱ ገና ውሃ ስለሚያሳልፍ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ባለቤቱም አይጠረጥርም። ከታች ግን ሥሩ እየተራበ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ዛፉ ድንገት የደረቀ ይመስላል።

ሽቦው ገና ላይ ላዩን ከሆነ ቆርጠው ያውጡት። ቅርፊቱ ውስጥ ከሰመጠ ደግሞ በሚታየው ቦታ ሁሉ ይቁረጡት፤ የሰመጠውን በግድ ሲጎትቱ የቀረውን ልጥ እንዳይልጡት ይጠንቀቁ። ፍየል የላጠችው ግንድ፣ የማጨጃ ስለት የቆረጠው አንገት፣ ሳይፈታ የቀረ ሲባጎም የሚጎዱት በዚሁ መንገድ ነው። ልጡ ዙሪያውን ሙሉ ካልተቆረጠ ዛፉ የመዳን ዕድል አለው።

ካስማም ልክ አለው። ግንድ በነፋስ ሲወዛወዝ ይወፍራል፣ ሥሩም ይጠነክራል። ድርቅ አድርጎ የታሰረ ችግኝ ቁመቱ እንጂ ውፍረቱ አይጨምርም፤ ሲፈታም ይጎብጣል። ካስማ የሚያስፈልገው ካለ ከግንዱ ታችኛው አጋማሽ አካባቢ በሰፊ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይታሰርና ችግኙ ሥር ሲይዝ፣ ብዙውን ጊዜ በዓመት ውስጥ፣ ይነሳ።

ቅጠሉ የሚናገረው

ከሥሩ እስከ ግንዱ ካየን በኋላ የቅጠሉ ምልክት ትርጉም ይኖረዋል። ቅጠሉ ከጫፍና ከጠርዝ ጀምሮ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ሆኖ ከደረቀ ጥማትን፣ ጨውን ወይም ያለ ልክ የተጨመረ ማዳበሪያን ይጠርጥሩ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ለስልሶና ገርጥቶ ከዘለሰ የታፈነ ሥርን ያስቡ።

ቢጫነት የጀመረበት ቦታም ይለያያል። ታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ ሆነው ከገረጡና ላይኞቹ ደህና ከሆኑ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ ናይትሮጅን በዛፉ ውስጥ ስለሚዘዋወር ዛፉ ከአሮጌው ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። በተቃራኒው አዲሶቹ የጫፍ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ያጠረው ብረት ነው፤ ብረት ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲሱ በቀላሉ አይዛወርም። ብዙ ጊዜ ብረቱ አፈሩ ውስጥ ሞልቶ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ አፈሩን ስለለወጠው ሥሩ ሊወስደው አልቻለም። ውሃ የቆመበት አፈርም ያንኑ ምልክት ያመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍርስራሹን ለቅሞ ማውጣትና ኮምፖስት በየጊዜው ማልበስ፣ የቆመውንም ውሃ ማፍሰስ ነው መፍትሔው።

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል። ማታ ደህና የነበረው የጃካራንዳ ጫፍ ጠዋት ጠቁሮ ከተገኘ ተባይ አይፈልጉ። ማምሻውን በአሮጌ አንሶላ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፍኑት፣ ፀሐይ ስትወጣ ይግለጡት። የጠቆረውንም ቶሎ አይቁረጡ፤ ከሥሩ ላለው ሕያው ክፍል መከለያ ይሆናል። የበልጉ ሙቀት ሲመጣ ከየት እንደሚያቆጠቁጥ አይተው ከዚያ በላይ ያለውን ያንሱ።

ተባይ ሲገኝ

ክሽክሽና ሌሎች መጣጭ ነፍሳት ለስላሳ ቀንበጥ ይወዳሉ። ቅጠሉ ከተጠቀለለ፣ ሲነካ ከተጣበቀ፣ ጥቁር ጥላሸት መሰል ሻጋታ ከለበሰ፣ ጉንዳንም በግንዱ ላይ ሰልፍ ከሠራ እነሱን ይፈልጉ። የሚጣበቀው ፈሳሽ የነፍሳቱ ውጤት ነው፤ ሻጋታውም ጉንዳኑም እሱን ብለው ነው የመጡት። በመጀመሪያ በጎማ ውሃ አጥበው ያራግፏቸው። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ አስቀድመው ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክረው፣ ፀሐይ ሲበርድ ከቅጠሉ ጀርባ ይርጩ። ኦሞና በረኪና ቅጠል ያቃጥላሉ፤ አይጠቀሙባቸው።

ለየት ያለ ንቃት የሚፈልገው የፈረንጅ ጥድ ነው። አጥር ሆኖ የተተከለ ጥድ ከውስጥ ጀምሮ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉ ቡናማ ከሆነ የጥድ ክሽክሽ ሊሆን ይችላል። ይህ ተባይ በአፍሪካ በመጀመሪያ የታየው በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ሲሆን ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። ቅርንጫፉን ገልጠው ግንዱ አካባቢ ያሉትን ቀጫጭን እንጨቶች ይመልከቱ፤ ግራጫ ቡናማ ነፍሳት ተኮልኩለው ከተገኙ የተጎዳውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ያስወግዱና የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።

ማዳበሪያና መቀስ

የታመመ ዛፍን በማዳበሪያ ማነቃቃት ትልቁ ፈተናችን ነው። ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ነው፤ ዳፕ ደግሞ ከፍተኛ ፎስፈረስ አለው። ሥሩ የተጎዳ ወይም የተጠማ ችግኝ ላይ ይህን መጨመር በአፈሩ ውሃ ውስጥ ያለውን ጨው ስለሚያበዛ ሥሩ ውሃ ለመሳብ ይበልጥ ይቸገራል። ግራቪሊያማ አገሩ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፤ ከደሃ አፈር ፎስፈረስ ለቅመው የሚያወጡ እንደ ዘለላ የተሰበሰቡ ልዩ ሥሮች ስላሉት ዳፕ አያሻውም። ትኩስ ፍግም እንዲሁ ሥር ያቃጥላል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ላዩ ላይ ማልበስ ይበቃል።

ከሁሉም የሚረክሰውና ብዙ የሚጠቅመው ጉዝጓዝ ነው። በመጀመሪያ ግማሽ ሜትር ዙሪያውን ሣሩን ያንሱ፤ ሣር የችግኙን ውሃ ቀድሞ ይጠጣል። ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ያልብሱት። ግንዱን ግን አያስነኩት፤ አንድ ጋት ያህል ያርቁ። ጉዝጓዙ እርጥበት ይጠብቃል፣ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል፣ ሲበሰብስም አፈሩን ያዳብረዋል።

መቀስ የሚነሳው ለሞተው፣ ለተሰበረውና እርስ በርሱ ለሚፋተገው ቅርንጫፍ ነው። ደህናውን ቅጠል መመልመል የዛፉን ወጥ ቤት መዝጋት ስለሆነ ለደካማ ዛፍ አይመከርም። ሲቆርጡ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ የሚታየውን አበጥ ያለ ቀለበት ሳይነኩ ከእሱ ወዲያ ይቁረጡ። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ ብዙ ዛፎችን ሰንጥቆ ካጠና በኋላ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ ዛፍ ቁስሉን እንደኛ ሥጋ አያድነውም፤ በዙሪያው ግድግዳ ሠርቶ ያጥረዋል። ያንን ግድግዳ አጥብቆ የሚሠራው ቀለበቱ አካባቢ ነው። ቁስሉን ቀለም መቀባት ለዚህ ሥራ አይረዳውም።

አንድ በአንድ፣ በትዕግሥት

አንድ ነገር አስተካክለው ምላሹን ይጠብቁ። ውሃውን፣ ማዳበሪያውን፣ መድኃኒቱንና መቀሱን በአንድ ሳምንት ካደረሱበት የትኛው እንደ ጠቀመው፣ የትኛው እንደ ጎዳው አይታወቅም። በጋ ላይ የሚሠራው ጠለቅ ያለ ውሃ፣ ጉዝጓዝና የውርጭ መከላከያ ነው። አንገት የሚገለጠውና የታሰረው የሚፈታው በማንኛውም ወቅት ነው። አንስቶ እንደገና መትከል ግን ለክረምቱ መግቢያ ይቆይ። ሥር አስቀድሞ ያገግማል፣ ቅጠል ይከተላል፤ ስለዚህ ዛሬ ያደረጉት ነገር ቅጠሉ ላይ ለመታየት ወራት ሊወስድበት ይችላል።

አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበት ምንም ቀንበጥ ካላወጣ፣ ግንዱም ሲጫር ደረቅ ከሆነ ይንቀሉት። ግን ነቅለው አይጣሉት፤ ሥሩን አጥበው ይመልከቱት። ተጠምዝዞ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ችግኝ ሲገዙ ቁመቱን ትተው ሥሩን ያሳዩኝ ይበሉ፤ ፕላስቲኩን ቀደው፣ የታችኛውን የተጠቀለለ ሥር ቆርጠው ይትከሉ። በስብሶ ከሆነ ቦታውን ከፍ ያድርጉ። ደህና ሆኖ ከደረቀ ውሃው አልደረሰውም። ምክንያቱን ሳያውቁ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ መትከል ሁለተኛውንም ለዚያው ዕጣ መዳረግ ነው።

አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ችግኝ መትከል የሁሉም ቤት ጉዳይ ሆኗል። ይህ ደስ ያሰኛል። የሚቀረን ከተከልነው ውስጥ የጸደቀውን መቁጠር ነው። መጽደቅ ደግሞ የሚወሰነው ከተከላው ቀን በኋላ በሚመጡት ሁለት በጋዎች ነው። ስለዚህ ግቢዎ ውስጥ የቀጨጨ ዛፍ ካለ ለማዳበሪያ የመደቡትን ገንዘብ ያቆዩትና በዚህ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ይስጡት፦ ጥፍርዎን፣ መኮትኮቻዎንና አንድ ጄሪካን ውሃ ይዘው ከአንገቱ ይጀምሩ።